የተመለሰው በጀት

የላቦራቶሪያችንን ግዥ ሠራተኛ «እትዬ ሦስት ዋጋ» ያልኳት እኔ ነኝ። ሥራዬ አፈር መመርመር እንጂ ለሰው ስም ማውጣት አይደለም፤ ግን ሴትዮዋ ራሷ ታስወጣለች። አንድ ቀን አብረን ሽንኩርት ልንገዛ ወጥተን፣ ሦስት ሻጭ ጋ ዋጋ ጠይቃ ወደ መጀመሪያው ስትመልሰኝ ሰውየው ሸጦ ጨርሷል። እኔ ስናደድ እሷ ምንም አልመሰላት። «ቢሆንም ዋጋውን አውቀናል» ብላኝ እርፍ!

መመሪያው ከሦስት ሱቅ ማህተም ያለበት የዋጋ ፕሮፎርማ ይጠይቃል። ማህተሙ ያለው በሱቁ ባለቤት ኪስ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ ሱቁ ብቅ የሚለው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ እትዬ ከሰዓቱን ሙሉ፣ ለጓንት ሲሆን ለጓንት፣ ለጠርሙስ ሲሆን ለጠርሙስ፣ እግሯ እስኪቀጥን ትዞራለች። አቋራጭ መንገድ ጠፍቶ አይደለም። አንዱ ነጋዴ ከመሳቢያው የሦስት ሱቅ ማህተም አውጥቶ ሦስቱንም ፕሮፎርማ አዘጋጅቶ ያመጣል፤ ይህን የማያውቅ ግዥ ሠራተኛ የለም።

«ምን አደከመሽ? ቁጭ ብለሽ ይመጣልሻል እኮ» አልኳት አንዴ።

«የሰው ማህተም መሳቢያው ውስጥ ከሚደብቅ ሰው ጓንት ገዝቼ አንቺን አሲድ አላስነካሽም» አለችኝ።

እንዲህ እየዞረች በርካሽ ስለምትገዛ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ሁልጊዜ የሚተርፍ ገንዘብ ነበር። የተረፈው ለመንግሥት ይመለሳል። አንድ ዓመት አለቃችን ሁላችንንም ሰብስቦ የምስጋና ወረቀት ሰጣት። እኛም እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብንላት።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፣ ጥርስ የማያስከድን ሰው። ጡረታ በወጣ ማግስት ስትሮክ መታውና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለው። ሐኪሞቹ ተስፋ አልቆረጡም፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ወሳኝ ናቸው፣ በየቀኑ እየመጣ የእግር እንቅስቃሴ ከሠራ ይራመዳል አሏት። ችግሩ፣ የሆስፒታሉ የእንቅስቃሴ ሕክምና ክፍል ተመላላሽ ታካሚ የሚቀበለው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ልጃቸው የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው። ደግፎ የሚወስደው ሰው በገንዘብ ብትቀጥርለት ደግሞ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጭን ኖሬ፣ ዛሬ የማላውቀው ሰው አይጭነኝም!» ብሎ ሳቀና እምቢ አለ። አለቃችንን ከሰዓቱን እንዲፈቅድላት ለመነችው። ግዥ ከቆመ ላቦራቶሪው ይቆማል አላት። ባሏ እሷ እንደምንም ሹልክ ባለችበት ቀን ብቻ ይሄዳል፣ በሌላው ቀን አልጋው ላይ ይውላል።

ያን ሰሞን ነው የኤሌክትሮኒክ ግዥ ወሬ የመጣው። እኛ ግቢ ውስጥ ያለው የመንገድ መሥሪያ ቤት ቀድሞ አስገባው። ግዥ ሠራተኛቸው ጠዋት የሚፈልገውን ዕቃ ኮምፒውተሩ ላይ ይለጥፋል፣ ነጋዴዎቹ ካሉበት ሆነው ዋጋ ያስገባሉ፣ ሰውየው ከምሳ በፊት ጨርሶ ብርቱካኑን ሲልጥ በመስኮት እናየዋለን። ለእኛም በአዲሱ በጀት ዓመት ይገባል ተባለ። እትዬ ፊቷ በራ።

«እሱ ከገባልኝ ከሰዓቱ የባሌ ነው» አለችኝ። «አስነሳዋለሁ፣ ታያለሽ።»

ደብዳቤው ሲመጣ ግን እኛ የለንበትም። ሲስተሙ የሚገባው ዓመታዊ የግዥ በጀቱ ከተወሰነው መጠን ለሚያልፍ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው ይላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ለማስገቢያና ለሥልጠና የሚወጣው መሥሪያ ቤቱ ከሚገዛው ይበልጣል። የመሥሪያ ቤታችን በጀት ኃላፊ ቢሮ ተያይዘን ገባን።

«እኛ እኮ ድሮ ከዚህ በላይ ነበርን» አለች።

«ነበርን» አላት። «ግን በየዓመቱ ገንዘብ ትመልሳላችሁ። የተመለሰ ገንዘብ ማለት በላይ ላሉት ‹አላስፈለጋቸውም› ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ያህል ይቆርጡታል። እየተቆረጠ እየተቆረጠ እዚህ ደረስን።»

እትዬ ክው አለች። «የመለስኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ሰውየው አሳዘነችው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘንድሮ ሳታስተርፉ ጨርሱት። ከርሞም እንደዚያው። ያኔ ከፍ ይልና ይገባልናል።»

ደሜ ፈላ። አለቃችን ያመሰገናት፣ እኛም ያጨበጨብንላት ለዚህ ነው? አፌ ላይ የመጣውን ልናገር ስል ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ።

በዚያ ዓመት መጨረሻ መጋዘናችን የማንጨርሰው ጓንትና ጠርሙስ እስከ ጣሪያው ሞላ። እትዬ ያንን መጋዘን ስታልፍ ፊቷን ታዞር ነበር። ሦስት ዋጋ መጠየቁን ግን አልተወችም፤ ከሰዓቱም እንደ ድሮው በየሱቁ አለቀ።

ሁለት የበጀት ዓመት አልፎ ሲስተሙ ገባ። የመጀመሪያውን ግዥ ከምሳ በፊት ጨረሰችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ እንደ ተማሪ ሮጠች። ባሏን በታክሲ ወደ ሆስፒታሉ ወሰደችው። የእንቅስቃሴ ባለሙያዋ እግሩን ልታጥፍ ሞከረች፣ ደግማ ሞከረች፤ ጉልበቱ ደርቋል።

«ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ...» አለችና አልጨረሰችውም። «አሁን ጥሩ ተሽከርካሪ ወንበር ብንፈልግለት ነው የሚሻለው።»

ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ እትዬ እንባዋ መጣ። ባሏ አገጯን ይዞ «በይ ተይ፣ እኔ ድሮስ ቆሜ ሠርቼ አውቃለሁ? ተቀምጬ አይደል የኖርኩት!» አላት። ባለታክሲው ሳይቀር ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ በማግስቱ ላቦራቶሪው ውስጥ ነው። ሥራዋን ጨርሳለች፣ ከሰዓት ሆኗል፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፣ ግን አትነሳም። አንጀቴን በላችኝ።

«ቤት አትሄጂም እንዴ?» አልኳት።

«እሄዳለሁ» አለች። ከመቀመጫዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። «እየሳቀ ነው እኮ የሚቀበለኝ። አንድ ቀን እንኳ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።»