የበረዶው ፊት

ሰውየው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ረዳቶቹ «በረዶው» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው ቀን ነው። ተሳፋሪ ሲጨንቀው በመስታወት የሾፌሩን ፊት እንደሚያይ ያውቃል። ስለዚህ ፊቱን ሳያጨማድድ፣ በማርሽ እየያዘ መኪናውን ሜዳ ላይ አደረሰው። ረዳቱ ወርዶ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ።

«ጋሼ፣ አንተ ደም የለህም እንዴ?» አለው ከዚያው ሆኖ።

ደም ነበረው። ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ከፍርሃት የተነሳ ከመቀመጫው መነሳት አልቻለም።

ቤቱም ውስጥ እንደዚያው ነው። ጥርሱ ሲነቀል፣ እናቱ ስትሞት፣ ልጁ ስትታመም ፊቱ አልተለወጠም። ሚስቱ ክፉና ደጉን የምታነበው ከዚያ ፊት ላይ ነው፤ እሱ ከረጋ እሷም ትረጋለች።

አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቷል። አውቶቡሱ ተጋጭቶ መሪው ደረቱን ደቁሶት የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረዋል። በአፉ የገባው ቱቦ ከመተንፈሻ ማሽን ጋር ስለተያያዘ ድምፅ አያወጣም። ቱቦውን እንዳይነቅል እጆቹ በጨርቅ ከአልጋው ጋር ታስረዋል። ማደንዘዣው ስለተቀነሰ ግን ነቅቷል፤ ሁሉን ይሰማል።

ጀርባው እንዳይቆስል ነርሶቹ በየጊዜው ያገላብጡታል። ያኔ የተሰበረው አጥንት ሥጋውን እየወጋ ይሄዳል። ትናንት ሲያገላብጡት ሚስቱ አጠገቡ ነበረች፤ እንዳትደነግጥ ብሎ ፊቱን አረጋ። ከነርሶቹ አንዷ አይታው «ጋሼ ጎበዝ ናቸው፣ ምንም አልከበዳቸውም» አለች። ሐኪሙም ያንን ሰምቶ የህመም ማስታገሻውን አስቀነሰ።

በገዛ ፊቱ ጉድ ሆነ።

ዛሬ ከፋ። ትንፋሽ ሲገባ ያመዋል፣ ሲወጣ ያመዋል። የነርሶቹ ጋሪ ኮሪደሩ ላይ ሲንጓጓ ሰማ። እየመጡ ነው። ጩኸት የለው፣ እጅ የለው፣ መሸሻ የለው።

ነርሷ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ገባች። ሚስቱ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበችላቸው።

«ህመም እንዳለው በምን ታውቃላችሁ፣ ልጄ?» አለች።

«መናገር ስለማይችሉ ፊታቸውን ነው የምናየው፣ እትዬ። ካመማቸው ቅንድባቸው ይሰበሰባል፣ ክንዳቸው ይወጠራል፣ ከማሽኑ ጋር ይታገላሉ።»

«አይ፣ የእኔ ባል ድሮም ህመም አያውቅም!» አለች ሚስቱ፣ ኮራ ብላ።

ዝም በይ፣ አንቺ ሴት! አለ በልቡ።

አንሶላውን ያዙ። ሚስቱ ዓይኗን ፊቱ ላይ ተክላለች። ዛሬም ከቻለው ነገ የቀረውንም ማስታገሻ ይነሱታል። ካልቻለው እሷ ትሰበራለች። ይህን ሁሉ ዘመን ከእሷ የደበቀውን ነገር አሁን፣ ታስሮ ሳለ፣ ሊያሳያት ነው። ፈራ። ከቁልቁለቱ ይልቅ ይህን ፈራ።

አነሱት።

ፊቱን ለቀቀው። ቅንድቡ ተሰበሰበ፤ ጉንጩ ቱቦው ላይ ተጣመመ፤ የታሰሩት ክንዶቹ ጨርቁን ወጠሩት። ማሽኑ መጮህ ጀመረ።

«ኧረ ገደላችሁት!» ሚስቱ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች።

«ቆይ፣ ቆይ! መልሱት!» አለች ነርሷ። አስተኙት። ፊቱ ላይ ጎንበስ አለችና «ጋሼ፣ እየሰሙኝ ነው? ካመመዎት ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለችው።

ጨፈነ። ቢገልጥ «ተሻለው» ይሉኛል ብሎ ስለሰጋ እንደጨፈነ ቀረ።

«በቃ ገባኝ። ሐኪሙን ልጥራ። መድኃኒቱ ሳይሠራ ማንም አይነካዎትም።» የነርሷ ጫማ ወደ በሩ ሲፈጥን ሰማ።

ሚስቱ የታሰረ እጁን ያዘች።

«አንተ ሰውዬ፣ ትናንትም እንዲህ አሞህ ነበር?»

ዓይኑን አልገለጠም። ጣቶቿ እጁን አጥብቀው ጨበጡት፤ እሷን የሚያረጋጋበት ፊት ግን አልነበረውም።