አንቴናው ላይ የተሰቀለው አቡጀዴ

ይህ የደረሰው በደርግ ጊዜ፣ ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ገደማ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የሠራሁባቸውን ከተሞች እንኳ አንዳንዴ አደባልቃለሁ። ይችን ግን ልረሳት ሞክሬ አልሆነልኝም። አሁን ጉልበቴም ዓይኔም እየደከመ ስለሆነ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

የውሃ ቴክኒሻን ነበርሁ። ጎንደር ከተማ ተቀምጬ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉትን የትናንሽ ከተሞች ፓምፖች እጠግናለሁ። መጠገን ይባል እንጂ ልመና ነው። መለዋወጫ የለም፣ ነዳጅ በኩፖን ነው፣ መኪናችን ከሚሠራበት ቀን ጋራዥ የሚተኛበት ይበልጣል። ከመስክ ስመለስ አቧራውን ሳላራግፍ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር።

አንድ ቀን አለቃዬ ጠርቶ በእርዳታ የመጡ ሁለት ሣጥኖች አሳየኝ። ሬዲዮ ሞደም ይባላሉ አለኝ። አንዱ ተራራ ላይ ካለው የውሃ ታንከር ጋር ይታሰራል፣ ሌላው ታች ወንዝ ዳር ካለው ፓምፕ ጋር። የላይኛው ታንከሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ ወደ ድምፅ ለውጦ በሬዲዮ ይልካል። የታችኛው ተቀብሎ፣ ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑን ያጠፋል፣ ሲጎድል ያስነሣል። መልእክቱ ከተቋረጠ ደግሞ ውሃው ሞልቶ እንዳይፈስ ፓምፑ በራሱ ይቆማል። ዛሬ ይህ ለልጆቻችን ምንም አይደለም። ያኔ ግን የመመሪያውን መጽሐፍ ማንበብ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ሣጥኖቹ የሚተከሉባትን ከተማ ስም ልተወው። እዚያ እስከዚያ ቀን ድረስ የሞደሙን ሥራ የሚሠሩት አያ ተገኘ የሚባሉ የታንከር ጠባቂ ነበሩ። ታንከሩ ሲሞላ አንድ ክንድ ተኩል ነጭ አቡጀዴ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ይሰቅላሉ። ታች ያለው የፓምፕ ሠራተኛ ደሴ ያንን አይቶ ያጠፋል። ሲጎድል ያወርዱታል፣ ደሴ ያስነሣል። ጉም ሲወርድ ግን ጨርቁ አይታይም። ያን ጊዜ አያ ተገኘ ቁልቁለቱን ወርደው በአፋቸው ይናገራሉ፤ ከዚያ መልሰው ይወጡታል። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ነበር ኑሯቸው። ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው።

መትከሉ ከመጀመሩ በፊት ፈቃዱ ነበር። በዚያ ዘመን ሬዲዮ የሚልክ ዕቃ ይዞ ተራራ መውጣት ራስን ለጅብ መስጠት ነው። ከሰሜን ተራሮች ማዶ ወንበዴ ታየ እየተባለ በየቀኑ ይወራል። ሦስት ቢሮ ተመላልሼ ሦስት ማኅተም አስመታሁ። ሁለት ወር ፈጀ። የመጨረሻው ማኅተም ሲመታ ደስ እንኳ አላለኝም፤ ብቻ ቁጭ ብዬ ውሃ ጠጣሁ።

ተራራው ላይ አራት ቀን ሠራን። ባትሪውን በአህያ አወጣነው። አንቴናው ፊቱን በትክክል ወደ ፓምፑ ቤት ማዞር አለበት፤ ትንሽ ከሳተ ታች ያለው ሣጥን አይሰማም። ደሴ ታች ሆኖ የመለኪያውን መርፌ ያያል፣ እኔ ላይ ሆኜ አዞራለሁ። የምንነጋገርበት ነገር የለንም። በመጨረሻ ደሴም አንድ ጨርቅ ያዘ፤ መርፌው ከፍ ሲል ከፍ ያደርገዋል፣ ዝቅ ሲል ዝቅ። እሱን የሚያዩልኝ አያ ተገኘ ናቸው። ዓይናቸው ከእኔ ይሻል ነበር። ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጦ የመጣ ዕቃ ያስተካከልነው በጨርቅ ነው ብል ማን ያምነኛል?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንቴናውን ከብረቱ ምሰሶ ጋር የሚያጣብቁት ሁለት ማሰሪያዎች ነበሩ። አንዱ መንገድ ላይ ጠፋ። ጎንደር ተመልሼ ማምጣት ሰለቸኝና በሽቦ አሰርሁት። ምሰሶውን የምተክልበት አዲስ ጉድጓድ መቆፈርም ሰለቸኝ፤ መሬቱ ጭንጫ ነው። የአያ ተገኘን የባሕር ዛፍ እንጨት ነቅዬ ምሰሶውን በእሱ ጉድጓድ ውስጥ ተከልሁት።

ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝ ትእዛዝ ደግሞ ለአንድ ወር አዲሱም አሮጌውም አብረው ይሥሩ የሚል ነበር። ስለዚህ አቡጀዴው መሰቀሉ አይቀርም። ዕቃዬን ስሸክፍ አያ ተገኘ ጨርቃቸውን ይዘው መጡ።

«እንግዲህ ይህን ምን ላይ ልስቀለው?» አሉኝ።

ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። መኪናው ታች ይጠብቀኛል፣ ወገቤ ተቆርጧል። «እዚሁ ይስቀሉት፣ አያ ተገኘ። ይኸው ረጅም ብረት ተክዬልዎታለሁ» አልኋቸው።

«ሸጋ ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ ጎንደር ወረድሁ። አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ስልክ ተደወለ። ከተማዋ ሁለት ቀን ውሃ አጥታለች፣ የታንከሩ ጠባቂ ታስረዋል፣ ቶሎ ና ተባልሁ።

ገና ከመንገዱ ላይ ቀና ስል ነገሩ ገባኝ፤ ክው አልሁ። አቡጀዴው ከምሰሶው ላይ ሳይሆን ከአንቴናው ክንድ ላይ ታስሮ፣ ንፋሱ ከብረቱ ጋር አጠላልፎት፣ ታንከሩ ባዶ ሆኖም ሳይወርድ ይውለበለባል። ንፋሱ ጨርቁን ሲጎትተው በሽቦ ያሰርሁት አንቴና ዞሮ ፊቱን ወደ ሰሜን ተራሮች ሰጥቷል። ታች ያለው ሣጥን መልእክት ሲያጣ ፓምፑን አቁሟል። ደሴ ሣጥኑን እንዳይነካ ያስጠነቀቅሁት እኔው ነኝ፤ አልነካውም።

የከተማዋ ካድሬ ያየው ግን ሌላ ነው። የሕዝቡ ውሃ ተቋርጧል። ሬዲዮው ወንበዴ አለበት ወደሚባለው ተራራ ዞሯል። አናቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ይውለበለባል። አሻጥር ነው፣ ምልክት ማሳየት ነው ብሎ አያ ተገኘን ከታንከሩ ሥር አስነሥቶ ወሰዳቸው። በዚያ ጊዜ በእንዲህ ያለ ነገር የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ፣ ይወጣም እንደሆነ፣ የሚያውቅ የለም።

ካድሬው ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስላል። ማኅተሞቼን አሳየሁት። ተራራው ላይ ይዤው ወጣሁ። አንቴናውን መልሼ አዞርሁ፣ ከጎንደር ባመጣሁት ማሰሪያ አጠበቅሁት። ታንከሩ ባዶ ስለነበር ታች ፓምፑ ወዲያው ራሱ ተነሣ። ድምፁ እስከ ላይ ተሰማ። ሣጥኑ ከውሃ በቀር የሚያወራው ነገር እንደሌለ አስረዳሁት። አመነኝ። የቀረው ጨርቁ ነበር።

አያ ተገኘን በአንድ ጥበቃ አጅበው አመጧቸው።

«ይህን ጨርቅ እዚህ ላይ ስቀል ብሎ ያዘዘህ ማን ነው?» አላቸው ካድሬው።

አያ ተገኘ አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ «ማንም አላዘዘኝ» አሉ።

አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። ሦስቱ ልጆቼ ትዝ አሉኝ። ከእኛ መሥሪያ ቤት ከዚህ ባነሰ ነገር ተጠርቶ ያልተመለሰ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። «ሽማግሌ ናቸው፣ ባለማወቅ ይሆናል» አልሁ። እሱ ነው ከአፌ የወጣው። ካድሬው «ይጣራል» አለና ይዘዋቸው ወረዱ።

ጎንደር ተመልሼ ብልሽቱ ተስተካክሏል ብዬ ሪፖርት ጻፍሁ። አለቃዬ አመሰገነኝ። ሞደሙ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላስቸገረም። እኔም በየቀኑ ነገ ይፈቷቸዋል እያልሁ ቢሮ ገባሁ፣ ቢሮ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ምን ያደርጉላቸዋል? ነገ ይፈቷቸዋል።

በስምንተኛው ቀን የአያ ተገኘ ሚስት ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አቧራ ለብሰዋል፤ እህል በጫነ መኪና ላይ ሆነው ነው የመጡት። አድራሻዬን የሰጣቸው ደሴ ነው። ያደረግሁትን አያውቁም። የሚፈልጉት ፊደል የሚያውቅ፣ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። አንድ ሉክ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ማመልከቻ ጻፍልኝ አሉኝ።

አስቀመጥኋቸውና መጻፍ ጀመርሁ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሽማግሌ ነው በል አሉኝ። ሳል አለበት፣ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኛው። የገብስ አጨዳ ደርሷል፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። በየቀኑ ስንቅ አቀብላለሁ፣ ፊቱን ግን አያሳዩኝም። ጨርቁንም የሰቀለው ማንም ሳያዘው፣ በገዛ እጁ፣ ባለማወቅ ነው በል።

እዚያ ላይ ብዕሬ ቆመ።

«ምነው ልጄ፣ ቃሉ ከበደህ?» አሉኝ።

ነገርኋቸው። ስቀሉት ያልኋቸው እኔ ነኝ አልኋቸው። ይጮሁብኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወረቀቱን ከፊቴ አነሡና ገልብጠው በጀርባው አስቀመጡልኝ።

«የእኔን ተወው። የራስህን ጻፍ» አሉ።

ጻፍሁ። አምስት መስመር አትሞላም። ሽቦውንም፣ ጉድጓዱንም፣ የተናገርሁትንም ቃል ጻፍሁና ፈረምሁበት። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ጋቢዬን አጥፋ ሰጠችኝ። እስር ቤት እንደሚበርድ ታውቃለች። በማግሥቱ ጠዋት ከሴትዮዋ ጋር መኪና ላይ ወጣን።

ካድሬው ወረቀቱን ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ይህን ያን ቀን ብትነግረኝ ሰውዬው ያን ቀን ቤታቸው ያድሩ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ለጥበቃው ሰጠው።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ጋቢዬን በብብቴ ይዤ፣ ወዴት ግባ እንደምባል እጠብቃለሁ።

«ምን ቀረህ?» አለኝ።

ምንም አልቀረኝም። ሂድ ተባልሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ያ ሁሉ ፍርሃቴ ይህችን ታህል ነበር።

አያ ተገኘ ሲወጡ ጉንጫቸው ገብቷል፣ ፂማቸው አድጓል፣ ብርሃኑ አስቸገራቸው። ሚስታቸው ጋቢውን ከእጄ ወስደው አለበሷቸው። ሦስታችን መንገዱን ይዘን ወረድን። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ። ምነው ስሜን ሳይጠሩ ቀሩ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ብጠራህ ያሳሰርሁህ እኔ ነኝ» አሉኝ። «ራስህ ትናገራለህ ብዬ ዝም አልሁ። ዛሬ ይናገራል አልሁ። ቀረ። ነገ ተመልሶ መጥቶ ይናገራል አልሁ። እንዲያ ስል ሰነበትሁ።»

ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ባለፍሁ ቁጥር ቤታቸው ገብቼ እወጣ ነበር፤ ነገሩን ግን ዳግመኛ አላነሡብኝም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው ያረፉት። ቀብራቸው ላይ ነበርሁ።

ስለዚያ ዘመን ሲነሣ ሰው ሁሉ ጊዜው ክፉ ነበር ይላል። እኔም እላለሁ፣ ክፉ ነበር። አያ ተገኘን እውነቱን ከሸሸግሁበት ቀን ወዲያ ዘጠኝ ቀን ሲሚንቶ ላይ ያስተኛቸው ግን ጊዜው ብቻ ነው ብዬ ልጆቼን ላታልል አልፈልግም። እሳቸው እዚያ ሆነው ነገ ይናገራል ይላሉ። እኔ ጎንደር ቤቴ ውስጥ ከልጆቼ ጋር ራቴን እየበላሁ፣ ነገ ይፈቷቸዋል እላለሁ።