ጆሮውን የነካ ይወጣል

ይህ የሆነው ካቻምና፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ እዚሁ ሐዋሳ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ የክፍሌን ተማሪዎች ይዤ ሐይቅ ዳር ወደሚገኝ የልጆች መዝናኛ ፓርክ መሄዴ ነው። ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች፣ "ያቺን ትልቅ ልጅ ከሕፃናት ጋር ያሽከረከርሻት አንቺ ነሽ አይደል?" ይሉኛል። አዎ፣ እኔ ነኝ። ወሬው ሁልጊዜ በግማሹ ስለሚነገር ሙሉውን ልጻፈው ብዬ ነው።

ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የሦስተኛ "ለ" የክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ልጆቹን ፓርክ እንውሰድ ያልኩት እኔ ስለነበርኩ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ቆሜ ምክንያቱን ማስረዳት ነበረብኝ። ማስረዳት ደግሞ እወዳለሁ።

ልጅን እንዲህ ያለ ቦታ ለመውሰድ የተሻለው ዕድሜ ከሰባት እስከ አስር ነው አልኳቸው። ከዚያ በታች ያለ ልጅ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ያለቅሳል። ያልፈራውም ብዙ ሳይቆይ እናቱ ትከሻ ላይ ይተኛል፤ ሲያድግ መሄዱን የሚያውቀው ፎቶ አይቶ ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላው ግን ተራ መጠበቅ ይችላል፤ ሽንት ቤት ብቻውን ይሄዳል፤ የሚፈራውንና የሚደፍረውን ለይቶ ይናገራል። ከአስራ ሁለት በኋላ ደግሞ ደስ እያለው ደስ አላለኝም ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ሦስተኛ ክፍል ልኩ ነው ብዬ ጨረስኩ። ወላጆቹ አጨበጨቡልኝ።

ስብሰባው ሲበተን ወይዘሮ አስቴር ወደ ኋላ ቀሩ። የሽታዬ አክስት ናቸው።

ሽታዬ በክፍሌ ካሉት ሁሉ ትልቋ ነበረች። አስራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከገጠር ወደ አክስቷ ቤት የመጣችው ዘግይታ ስለነበር አንደኛ ክፍል የገባችው እኩዮቿ ስድስተኛና ሰባተኛ ከደረሱ በኋላ ነው። ቁመቷ ከእኔ በአንድ ራስ ይበልጣል። ለነገሩ ከእኔ የማይረዝም ሰው ጥቂት ነው።

"ቲቸርዬ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው፤" አሉኝ ወይዘሮ አስቴር። "የእኔዋ እንግዲህ አስርንም አልፋለች፤ አስራ ሁለትንም አልፋለች። በእሷ ቦታ ቤቢን ውሰጂልኝ።"

ቤቢ አምስት ዓመት ያልሞላት የራሳቸው ልጅ ናት።

"ቤቢ የክፍሌ ተማሪ አይደለችም" አልኳቸው።

"ታዲያ ሽታዬ ናት ዥዋዥዌ የምትጫወተው? የዛሬ ዓመት እኮ ሽማግሌ የሚላክባት ልጅ ናት!" ብለው ሳቁ።

ሽታዬ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

ያሳሰበኝ ያ ሳቅ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እንደ እሷ ዘግይቶ የጀመረ ልጅ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ልጆች "አባባ" ብለው ሳቁበት። በማግስቱ አልመጣም፤ በዚያው ቀረ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ለምኜ አልተሳካልኝም። እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ትምህርት የሚያቆሙት ትምህርቱ ስለሚከብዳቸው አይደለም፤ ስለሚሳቅባቸው ነው። ሽታዬ ደግሞ ገና ማንበብ ቀንቷት፣ ያገኘችውን ሁሉ፣ የብስኩት መጠቅለያ ላይ ያለውን ሳይቀር እያነበበች የምትስቅበት ጊዜ ነበር። በዚህ ጉዞ "አንቺ ከልጆቹ ጋር አትቆጠሪም" ከተባለች ሰኞ ክፍል እንደማትገባ ልቤ ነግሮኛል።

ወይዘሮ አስቴር የተከራከሩኝ በራሴ ንግግር ስለሆነ እኔም በዚያው መለስኩላቸው። "የተናገርኩት ስለ ሦስተኛ ክፍል ነው። ሽታዬ ሦስተኛ ክፍል ናት" አልኳቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ።

በማግስቱ ምክትል ርዕሰ መምህራችን ጠሩኝ። ወሬው ደርሷቸዋል። "ልጅቷ እንዳትሸማቀቅ ብትቀር አይሻልም?" አሉኝ።

"የምትሸማቀቀው ስትቀር ነው" አልኳቸው።

"እንግዲህ ኃላፊነቱ የአንቺ ነው።"

"እሺ፣ የእኔ ይሁን።"

ቅዳሜ ጠዋት ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለው ትምህርት ቤታችን ተነሣን። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በእግራችን ወደ ሐይቁ ወረድን። ሊያግዙኝ የመጡ ሁለት እናቶች አብረውን ነበሩ። ዩኒፎርም የለበሰ የለም፤ ሁሉም የክት ልብሱን ነው የለበሰው። እኔ ከልጆቹ ኋላ ለመሮጥ ይመቸኛል ብዬ ጂንስና ስኒከር አድርጌያለሁ፤ እንዳይጠፉብኝ ለሁሉም ያደልኩትን ቢጫ ኮፍያ ራሴም ደፍቻለሁ። ሽታዬ ግን ኮፍያውን በእጇ ይዛ፣ የአክስቷን ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሽ አስራለች። የደከማቸውን ልጆች ቦርሳ በሁለቱም ትከሻዋ አንጠልጥላ ትራመዳለች።

ፓርኩ በር ስንደርስ እናቶቹ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ለማየት የቆሙትን ልጆች ሊሰበስቡ ወደ ኋላ ቀርተዋል። በሩ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ቆመዋል። ልጆቹ "ጋሼ" አሏቸው፤ እኔም እዚህ እንደዚያው ልጥራቸው። ጋሼ በእኔ አናት ላይ አሻግረው ሽታዬን አዩ።

"እንኳን ደህና መጣሽ ቲቸር!" አሏት። "ልጆቹን አሰልፊያቸውና ግቡ።" ቀጥለው ወደ እኔ፣ "አንቺ ባለ ቢጫ ኮፍያ! ምን ያወጣሻል ከመስመር? ግቢ ወደ ሰልፍሽ!"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ። ላርማቸው አፌን ስከፍት የሽታዬን ፊት አየሁ። ደስ ብሏት ነበር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ "እንኳን ደህና መጣሽ" ተብላ በር የተከፈተላት ያን ቀን ይመስለኛል። አፌን ዘጋሁ።

"ልጆች፣ ሁለት ሁለት ሁኑ" አለች። ከዚያ ልክ እንደ እኔ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ "ድምፅ አልሰማም!" አለች።

ዝም አሉ። እኔን እንዲህ ቶሎ ሰምተውኝ አያውቁም።

ናሆም የሚባል ምላሱ የማያርፍ ተማሪ ነበረኝ። ጎኔ ተሰልፎ፣ "ቲቸር፣ ዛሬ አንቺ ተማሪ ነሽ? የቤት ሥራ ሠርተሻል?" አለኝ በሹክሹክታ። ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ጎተትኩበት።

ገባን። ልጆቹ ትንሿ ባቡር ላይ ወጡ፤ ተንሸራተቱ፤ ትንንሾቹን መኪኖች እየነዱ ተጋጩ። ሽታዬ ግን ጫማ ታስራለች፣ ቦርሳ ትጠብቃለች፣ የወደቀ ታነሣለች። አንዱም ላይ አልወጣችም።

በመጨረሻ ሁሉም ሲመኙት ወደነበረው ደረስን። ወንበሮች በሰንሰለት ተንጠልጥለው ክብ እየዞሩ ከፍ የሚሉበት ነው። ጋሼ ከበሩ መጥተው ይህንንም የሚያስነሡት እሳቸው ነበሩ። መግቢያው ላይ በቀይ ቀለም "ጆሮውን የነካ ይወጣል" ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ይገባል፤ ካልደረሰለት ይመለሳል። ብዙዎቻችን አንደኛ ክፍል የተመዘገብነው በዚሁ ፈተና ነው። ቀልድ የሚመስለው ሰው አለ፤ ግን ምክንያት አለው። የሕፃን ጭንቅላት ከእጁ ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው። ሲያድግ እጁ እየረዘመ ይመጣና ስድስት ሰባት ዓመት ገደማ ጆሮው ላይ ይደርሳል። የልደት ካርድ ለሌለው ልጅ እጁ ካርዱ ነው።

ልጆቹ ሁሉም አለፉና በየተራ ወጡ። ሽታዬ አጥሩን ይዛ ቆማለች። ወንበሮቹ ሲዞሩ ራሷ አብሮ ይዞራል።

"ሽታዬ፣ ትወጫለሽ?" አልኳት።

"ቦርሳ እጠብቃለሁ።"

"ቦርሳውን እኔ እይዛለሁ።"

ወደ ጋሼ ዞር ብላ አየችና፣ "ቲቸር ሆኜ እንዴት እወጣለሁ?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በሩ ላይ ያገኘችው ክብር ወንበሩን ከልክሏታል። "ተማሪዬ ናት" ብዬ ብናገር ክብሩን እወስድባታለሁ፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ወንበሩ ያልፋታል። ይህን ልወስንላት አልፈለግሁም። "የመረጥሽውን ሁኚ። የቱንም ብትሆኚ አብሬሽ ነኝ" አልኳት።

የመጨረሻው ዙር ደረሰ። ጋሼ፣ "አንድ ወንበር ባዶ ነው! ያልወጣ ማነው?" ብለው ጮኹ።

ናሆም ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ "ሽታዬ አልወጣችም!" አለ።

"ሽታዬ የቷ ናት?"

"እቻት!"

"ቲቸራችሁ?" ጋሼ ሳቁ። "ቲቸርማ ከልጅ ጋር አትጫወትም።"

አካባቢው ላይ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ሌሎች ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩን። ሽታዬ ቦርሳዎቹን ከትከሻዋ አንድ በአንድ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀና አለች።

"ቲቸር አይደለሁም" አለች። "ሦስተኛ 'ለ' ነኝ። ቲቸሯ እሷ ናት።"

ጋሼ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። አንድ ሰውዬ ከተቀመጠበት፣ "ይቺ ሦስተኛ ክፍል? ኧረ ልጇን ይዛ ትምጣ!" አለ። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። የፈራሁት ሳቅ መጣ።

ወደ ሰውዬው ዞርኩ። "ስትወልድ ይዛ ትመጣለች" አልኩት። "ዛሬ የራሷ ተራ ነው።"

ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ አትቀየሚኝ፤ ይህ የልጆች ነው። ዕድሜሽ አልፏል" አሏት።

"ጋሼ፣" አልኳቸው፣ "ይህን ጽሑፍ ያንብቡልኝ።"

"ምን አነበዋለሁ፣ እኔው ነኝ ያስጻፍኩት። ጆሮውን የነካ ይወጣል።"

"ዕድሜው ያለፈ አይወጣም ይላል?"

"አይልም። ግን ይታወቃል።"

"ለማን ነው የሚታወቀው? ከታች ወሰን አበጅተዋል፤ ከላይ ግን ወሰን የለዎትም። አሁን እሷ ስትመጣ አዲስ ሕግ ሊያወጡ ነው? ወንበሩስ አይችላትም?"

"መቻሉንስ ይችላታል። አባቶች ልጅ ታቅፈው ይወጡበት የለም እንዴ? እሷ እንደሁ ክር ነች።"

"እንግዲያው እንደ ሁሉም ልጅ ይፈትኗት።"

ጋሼ አገጫቸውን እያሻሹ ቆዩ። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ልጆች እግራቸውን እያወዛወዙ ይጠብቃሉ። ከዚያ፣ "እሺ። ጆሮሽን ንኪ" አሏት።

ሽታዬ ቀኝ እጇን አነሣች። በሻሿ ላይ አሳለፈችው። ረጅሙ እጇ ጆሮዋን አልፎ፣ ጉንጯን አልፎ፣ አገጯ ላይ ደረሰ።

"ጆሮዬ ይበቃል ወይስ አገጬም ይጨመር?" አለች።

እንኳን የእኛ ልጆች፣ የማናውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ይህኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር፤ መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ራሷ ናት።

"ግቢ!" አሉ ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ። "አንቺስ ሁለት ጊዜ አልፈሻል!"

ወንበሮቹ ተነሡ። በመጀመሪያው ዙር ሰንሰለቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፍናለች። በሁለተኛው ከፈተችው። በሦስተኛው ሻሿ ተፈታና እንዳይበር በጥርሷ ነከሰችው። በኋላ እሱንም ለቀቀችውና በእናቷ ቋንቋ፣ በሲዳምኛ፣ መጮህ ጀመረች። ክፍል ውስጥ ስታነብ ድምፅዋ ከፊት ወንበር አልፎ አይሰማም ነበር። ያን ቀን ሐይቁ ላይ ጀልባ የሚቀዝፉት ሰዎች ሳይሰሟት አይቀሩም።

ሰኞ ጠዋት ቀድሜ ወደ ሰልፉ ሄድኩ። ነበረች። ከኋላ፣ በቦታዋ ቆማ፣ የውጪው ወንበር ይፈጥናል የውስጡ በሚለው ከናሆም ጋር ትከራከራለች። እኔ ጣልቃ ገብቼ ለምን የውጪው እንደሚፈጥን በሰፊው ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ አልሰሙኝም።

ወይዘሮ አስቴር እስከ ክረምቱ ድረስ ሰላም አላሉኝም። ምክትል ርዕሰ መምህሩም ወላጆች አጉረምርመዋልና ለሚቀጥለው ጉዞ የዕድሜ ገደብ አውጪ አሉኝ። አላወጣሁም። አምናም አላወጣሁም።

ከሰባት እስከ አስር ያልኩትን ዛሬም አምንበታለሁ። ምርጫ ላለው ወላጅ ጥሩ ምክር ነው። በሰባት ዓመቷ ማንም እጇን ይዞ ያልወሰዳት ልጅ ግን ምን ምርጫ ነበራት? ለእሷ የተሻለው ዕድሜ ደርሳ የቆመችበት ዕድሜ ነው። "ዕድሜዋ አልፏል" የሚሉኝ ሰዎች ያንን ዕድሜ ማን እንዳሳለፈባት ጠይቀው አያውቁም። ሲጠይቁ ያን ጊዜ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።

ሽታዬ አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ደግሞ ክፍሌ ውስጥ ጢም ማብቀል የጀመረ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ አለ። ስለ እሱም ከወዲሁ ሹክሹክታ ተጀምሯል። ጉዞው ግንቦት ላይ ነው። እሱም ይሄዳል።