ጣሪያ ላይ ያሰጣኋት ሸክላ

ልጅ እያለሁ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ጅቡቲ ከተማ ሱቋን ዘግታ ጸጥ ስትል፣ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ያለው ቤታችን የሚነቃው ያኔ ነበር። አባዬ ከጨርቅ ሱቁ መጥቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ ምንጣፉ ላይ ጋደም ይላል፤ ጫቱ ይገባል፤ እኔ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀምጬ መርፌውን አሳርፋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር፣ ማሳረፍና ማንሳት። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት፣ የጋለ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ቸስ የሚለውን ድምፅ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ከሸክላዎቹ አንዷ ከድሬዳዋ በባቡር የመጣች ነበረች። የአባዬ እህት ዘይነባ ከተቀባዮቹ ጋር ዘፍናባታለች፤ መሐል ላይ ሌሎቹ ዝም ይሉና አንዲት ስንኝ ብቻዋን ትላለች። በዓመቱ ሞተች። ፎቶዋ እንኳ አልነበረንም። ያቺ ስንኝ ስትደርስ አባዬ ማኘኩን ያቆማል።

አንድ የበጋ ቀን ነፋሱ ቤቱን አቧራ በአቧራ አደረገው። እኔ ጉደኛዋ፣ አባዬን ደስ ላሰኘው ብዬ፣ ሸክላዋን በሳሙና አጥቤ እንድትደርቅ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አሰጣኋት። የጅቡቲን ፀሐይ የማላውቅ ይመስል! ስመለስ አንድ ጎኗ ተቆልምሟል። ከሰዓት በኋላ መርፌው ልክ የአክስቴ ስንኝ ጋ ሲደርስ ዘለለ። ደግመን ሞከርን፤ ዘለለ። አባዬ አልተቆጣኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መርፌውን ራሱ ያሳርፍ ጀመር።

ባለፈው ወር ልጄ ያንን ዘፈን ስልኩ ላይ አገኘው። ሽበታሙ አባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ከፈትኩለት። ቸስ የሚለው ድምፅ የለም፤ ጥርት ያለ ነው። እውነቱን ለመናገር ለዕለት ዕለት ስልክ ይሻላል፤ የዶራሌ ወደብን መንገድ ከከባድ መኪኖች ጋር ስጋፋ የሚያጽናናኝ እሱ ነው። ግን እንዲህ ጨንቆኝ ሰምቼበት አላውቅም። ያ ቦታ ሲደርስ ሁለታችንም ዝላዩን ጠበቅን። አልዘለለም። ያን ሁሉ ዘመን የነጠቅኩት የእህቱ ድምፅ ብቻውን ወጣ።

«እዚሁ ነበረች እንዴ?» አለ አባዬ፣ ቀስ ብሎ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ስልኩ ማንም ሳያዘው ወደ ሌላ ዘፈን ገባ። አባዬ ዓይኑን እንደጨፈነ ክንዴን ነካ አደረገኝ።

«አንሺውና እንደገና አሳርፊው፣ ልጄ። ያንቺ ሥራ አይደለም እንዴ?»

ስልክ መርፌ የለውም። እኔ ግን ዘፈኑን ወደ መጀመሪያው መልሼ፣ እንደ ድሮው በሁለት ጣቴ፣ ቀስ ብዬ አሳረፍኩት።