ባልዲው በሰው ፊት እንዳያልፍ

ላገላብጠው ብዬ ብብቱን ይዤ ሳነሣው አንገቱ ክንዴ ላይ ወደቀ። ጠራሁት። አልመለሰም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ፍራሹን ስገልጥ ከሥሩ የደረቀ ቂጣ ረገፈ። በላሁ ያለኝ ቂጣ ነው። ልጄ ሊሞትብኝ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ኃይልዬ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነው። ሕመሙ የአከርካሪ ቲቢ ነው። መጀመሪያ ወገቤን አለ፤ ብርድ ነው አልን። ቆይቶ ላብ በላብ ይሆን ጀመር፤ ከሳ፤ እግሩ ከዳው። ራጅ ተነሥቶ ሲታወቅ መድኃኒት ጀመሩለትና «እግሩ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ እስከዚያ ጀርባው እንዳይታጠፍ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይተኛ» ብለው ሰደዱን። ሽንቱ ከመድኃኒቱ የተነሣ እንደሚቀላም ነገሩን። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የተኛ ጎልማሳ የት እንደሚጸዳዳ ግን የነገረን የለም።

በጠፍር አልጋው ላይ ጣውላ ደርድረን አስተኛነው። ከመሐል ሜዳ ከተማ ፖፖ ገዛሁለት። ብረት ነው፤ የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እሱ ላይ ለማስቀመጥ እኔና እኅቱ ወገቡን እናነሣዋለን። ሲነሣ ያመዋል። ዓይኑን ይጨፍናል።

ጠያቂ ደግሞ አይጠፋም። እውነቱን ልናገርና የጠያቂ ነገር እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል። ራስጌው ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ አይነሡም። እሱ ሽንቱን ይዞ ይተኛል። በስንት መከራ ወጡልኝ ብዬ ፖፖውን ይዤ ስወጣ ደጅ ላይ ቆመው ያገኙኛል። አንድ ቀን የአባቱ እኅት እትዬ ታንጉት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ «ኃይልዬ፣ እናትህ እኮ ሁለት ጊዜ አሳደገችህ» አለችው። ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ብዙ ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ገባ። እጾማለሁ አለ። ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ አይቀምስም፤ ከወጣም በኋላ ኪኒኑን በአንድ ጉንጭ ውጦ «ጠገብኩ» ይላል። በእኛ አገር የሚጾምን ሰው ብላ ብሎ የሚጨቀጭቅ የለም። እኔማ ኮራሁ። «ተኝቶ እንኳ ጾሙን አልፈታም» እያልኩ ለጎረቤት አወራሁ። ሽንቱ ማነሱንና መጥቆሩን አይቻለሁ። ከመድኃኒቱ ነው ብዬ ተውኩት።

ያን ቀን ክንዴ ላይ ሲዝለፈለፍብኝ ወንድሜ ጥላሁን መኪና ለምኖ ሐኪም ቤት አደረስነው። ጉሉኮስ ተሰቀለለት። ነቃ።

«ውኃ አይጠጣም እንዴ? ኩላሊቱ እየተጎዳ ነው» አለች ዶክተሯ።

«ይጾማል» አልኩ።

እሷ ወደ እሱ ዞረች። «ለጾሙ ብለህ ነው?»

ግድግዳውን እያየ መለሰላት። «አይደለም። ከጠጣሁ ይመጣል። ከመጣ እናቴ ትገልጠኛለች።»

 

ዶክተሯ ውጭ ጠርታኝ፣ «እናቴ፣ እንዲህ ከቀጠለ መድኃኒቱም አያድነውም። ሰው ሳያነሣው ራሱ የሚጸዳዳበት ነገር ፈልጉለት» አለችኝ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አልጋ አለ አለች። የት ነው ስላት «እዚህ የለም» አለችኝ። የሌለ ነገር ታዝዞልኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

የንስሐ አባታችን መጥተው «በሽተኛ ጾም የለበትም፤ በእኔ ይሁን» አሉት። መስቀላቸውን ተሳለመ። አልጠጣም።

ጥላሁን የአልጋውን ጣውላና ጠፍር መሐሉን ቆርጦ ቀዳዳ አበጀ። ተበላሸ። አንዱ ጠፍር ሲቆረጥ ሌላው ሁሉ ላላ፤ የልጄ ወገብ ሰመጠ። ጮኸ። መሬት ላይ አወረድነው።

ሁለተኛውን ያሰበው ራሱ ኃይልዬ ነው። «ጠፍሩን ተዉት። ወፍራም ጣውላ በአራት እግር አቁሙልኝ። ጭነት አይደለሁም፣ ሁለት ሰው አያንሣኝ፤ ገመድ ስጡኝና እኔው ልክፈተው» አለ። ጣውላውም ፍራሹም በመቀመጫው ልክ ተቆረጡ። ጀርባው መላጥ ጀምሮ ስለነበር ጠርዙን በበግ አጎዛ ጠቀለልኩት። ከጣውላው ተቆርጦ የወጣውን ክዳን አደረግነው፤ የፍራሹን ቁራጭ ላዩ ላይ አሰርኩበት፤ ክዳኑ በጎማ ማጠፊያ ከሥር ተመታ። ገመዱን ሲለቀው ይከፈታል፣ ሲስበው ይዘጋል። ከታች አመድ የተነሰነሰበት ባልዲ። ለመታጠቢያ ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ሱሪውን ትቶ ሽርጥ ታጠቀ፤ አንሶላ ጋረድንለት።

«ባልዲውስ?» አለ። «በሰው ፊት የሚያልፍ ከሆነ ድካማችሁ ከንቱ ነው።»

ጥላሁን ዲጂኖውን አነሣ። ከአልጋው ሥር የግድግዳውን ድንጋይ ነቅሎ ባልዲው በጓሮ በኩል የሚወጣበት ቀዳዳ ከፈተ።

እትዬ ታንጉት መጥታ አየች። «ለዶሮ በር ነው የምትሠሩት?»

«አዎ እትዬ» አላት ጥላሁን፤ «ጠያቂ ሲበዛበት አውራው የሚያመልጥበት።»

ውርጩ በዚያው ይገባ ነበርና የጣውላ መዝጊያ ሠራንለት፤ አሮጌ የበግ ጸጉር ባናም ወተፍኩበት። የመጀመሪያው ቀን ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። ከመጋረጃው ኋላ ገመዱ ሲላላ አየሁ። ከብት ለማየት የወጣሁ መስዬ በጓሮ ዞርኩ፤ ባልዲውን ሳብኩ፤ ደፋሁ፤ አጥቤ መለስኩ። ስገባ ሰዎቹ ስለ ገብስ እያወሩ ነው። ያወቀ የለም።

«እማዬ፣ ውኃ» አለኝ ከመጋረጃው ውስጥ። በጣሳ ሰጠሁት። ጨልጦ «ድገሚኝ» አለ።

ከዚያ ወዲያ መብላቱም መጠጣቱም እየተመለሰ፣ ኪኒኑም እየተስማማው ሄዶ፣ መጀመሪያ የእግሩ ጣት ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ተደግፎ መቀመጥ ቻለ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በከዘራ ቆመ። እትዬ ታንጉት ዛሬ አልጋውን ለሰው ስታሳይ «እኛ የሠራነው» ትላለች። ትበል።

ልጁን ጠይቃ መልሱን ለሰማችው ዶክተር፣ ለወንድሜ፣ ላልሰለቻት እኅቱም እግዜር ይስጥልኝ። በሽተኛ ያለሽ እናት ሆይ፣ አልራበኝም ሲልሽ፣ ሽንት ሲመጣበት ማን እንደሚያየው ጠይቂው። የቀዳዳውን ልክ ራሱ ይናገር፤ ጠርዙ ይለስልስ፤ ጀርባው የታመመ ከሆነ ጠፍር አትቁረጡ። ጠያቂዎችም ጠይቁ፣ ግን ቶሎ ውጡ።

መድኃኒቱን ጨርሷል። ዶክተሯ ራጁንና የደም ምርመራውን አይታ «ቲቢው ጠፍቷል፤ ኩላሊቱም ደህና ነው» አለችን። ከዚያ በተመለስን ማግስት ኃይልዬ በከዘራው ወደ ጓሮ ወረደ። ልከተለው ተነሣሁና ቆምኩ። የሽንት ቤቱን በር ከውስጥ ሲቀረቅረው ሰማሁ። ልጄ ተርፏል። አሁን አልፈራም።