ሠላሳ ያልደረሰው መርፌ

ሰሞኑን ሰሚት ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወጣት ቴክኒሻን የጎረቤቴን ኤርኮንዲሽነር ጋዝ ሊሞላ መጥቶ አየር መምጠጫ ፓምፑን ሲያስነሳ፣ መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ኋላ ወጥ ሆኖ የሚያጉረመርም ድምፅ በመስኮቴ ገባና ልዘጋው ተነሳሁ። ስለ ደርግ ዘመን ሲወራ ሰው ሁሉ የዳቦ ሰልፍና የቀበሌ ስብሰባ ያነሳል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ የዚያ ፓምፕ ድምፅ ነው።

ቦሌ የገባነው ክረምቱ እንደወጣ፣ ከአሰብ መጥተን ነበር። አባቴ ይማም የወደቡን ማቀዝቀዣዎች የሚጠግን መካኒክ ሲሆን፣ አለቃው ጓድ ተሾመ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር የለመደውን ቅዝቃዜ ትቶ መሄድ አልሆንልህ ብሎት፣ የቤቱን ኤርኮንዲሽነር አስፈትቶ ጭኖ፣ አባቴንም ከማሽኑ ጋር አዛውሮ አመጣውና ከቪላው ጀርባ ያለውን ሰርቪስ ቤት ሰጠን። ሰው ጋቢ ለብሶ በሚያመሽበት ከተማ ብርድ የሚሠራ ማሽን ተሸክሞ መምጣት ምን የሚሉት ነው የሚለው ሰው አልነበረም፤ ለጓድ እንዲህ ያለ ነገር አይባልም ነበር።

በጋውን ሙሉ ማሽኑ በሸራ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ እናቴ ዘሃራ ከባቄላ ጋር ስትጣላ ትውል ነበር። አሰብ ላይ ቶሎ የሚበስልላት ባቄላ ቦሌ ላይ ከረፋድ እስከ ከሰዓት ተጥዶም ጥርስ ይሰብር ነበር። «የዚህ አገር ውሃ ይንተከተካል እንጂ አያበስልም» ስትል፣ አባቴ ከጠንካራው ባቄላ ጋር እየታገለ «የላምባ ምድጃው ነው፣ ክሩን ከርክሚው» ይላት ነበር።

መጋቢት ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ፣ ጓድ ተሾመ ለእሁድ ምሳ ከላይ የሚመጡ ሰዎችን ጠራና ሳሎኑ እንዲቀዘቅዝ አዘዘ። አባቴ ቅዳሜ ማለዳ የመዳብ ቱቦዎቹን ገጥሞ ፓምፑን አስነሳ። ጋዝ ከመሙላቱ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት ተመጥጦ መውጣት ነበረበት፤ ሲያልቅ የጌጁ፣ የግፊት መለኪያው፣ መርፌ ከዜሮ በታች ወርዶ ሠላሳ አጠገብ ይቆማል። አሰብ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር። ቦሌ ላይ ግን መርፌው ሃያ ሁለት ደርሶ ቆመ፣ ፓምፑ ቢያጉረመርም ቢያጉረመርም ንቅንቅ አልል አለ።

ጓድ ተሾመ በፒጃማው ወጥቶ ጌጁ ላይ አጎነበሰ። ከአባቴ ሥራ ሁሉ የሚያውቀው ሠላሳ የምትባለዋን ቁጥር ብቻ ነበር።

«ይማም፣ አሰብ እያለን ሠላሳ ይገባ አልነበር?»

«ይገባ ነበር፣ ጓድ።»

«እዚህ ምን ነካው ታዲያ?»

«አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይኖር ይሆናል። እፈልገዋለሁ።»

«ፈልግ። እኔ አንተን አውቅሃለሁ። ሌላ ሰው ቢያየው ግን አሻጥር ነው የሚለው» አለና ሳቀ።

በዚያ ዘመን በዚያ ቃል የሚቀልድ ሰው ቀልዱ የሚያስቀው እሱን ብቻ ነበር። በአሻጥር ተጠርጥሮ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ ማንም አይጠይቅም፤ ቤተሰቡም ሰርቪስ ቤቱን ለቆ ይወጣል።

አባቴ ጥቂት ጋዝ ወደ ቱቦው ለቆ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀባ፤ አንድም አረፋ አልተነፋም። አጥብቆ እንደገና አስመጠጠ፤ መርፌው ያው ሃያ ሁለት። ያለን አንድ ሲሊንደር ጋዝ ነበር፣ በከተማው ውስጥ ሌላ አይገኝም ነበር፣ እሱ ደግሞ በሞከረ ቁጥር ሲሊንደሩ እየቀለለ ይሄድ ነበር። ምሳ አልበላም። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣ የማይታየውን ቀዳዳ በጣቱ ይዳብስ ነበር።

እናቴ ሻይ ይዛለት ወጣች። «ስንት ላይ ቆመ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት ቁጥር አውቶቡስም ማዞሪያው ከደረሰ አያልፍም፣ ዞሮ ነው የሚመለስ» አለች፤ ማንም አልሳቀም። ሻዩን አስቀምጣ ቀጠለች፦ «አንተ ሰውዬ፣ ባቄላዬ እምቢ ሲለኝ ምድጃው ነው አልከኝ። ክሩን ከረከምኩ፣ ድስቱን ለወጥኩ፤ አልበስል አለ። አሰብ ባሕሩ አፍ ላይ ነበርን፣ እዚህ ተራራ አናት ላይ ነን። አገሩን የኔ ድስት ካወቀው ያንተ ማሽን የማያውቀው ለምንድነው?»

«ተይኝ እስቲ፣ ዘሃራ» አላት፤ መፍቻውን ግን መሬት አስቀመጠ።

ትንሽ ቆይቶ ቫልቩን ዘጋ፣ ፓምፑን አጠፋ፣ ጌጁ ፊት ቁጢጥ አለ። ቀዳዳ ካለ አየር እየገባ መርፌውን ይመልሰዋል። «ሀዩ፣ እንዳትጠጊ» አለኝ፣ ትንፋሼ የሚያንቀሳቅሰው ይመስል። አንድ አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ብሎ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ መርፌውም ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሃያ ሁለት ላይ ተመልሶ ጸጥ አለ። የግንቡ ጥላ ከሥሩ ረዝሞ ጫማው ጋ እስኪደርስ ድረስ አባቴ አልተነሳም። መርፌውም አልተነሳም።

«ልሞላው ነው» አለው ጓድ ተሾመን።

«ሠላሳ ሳይገባ? ካልሠራስ?»

«ካልሠራ እዚሁ ነኝ፣ ጓድ። የት እሄዳለሁ?»

ጋዙ በኃይል እንዲወጣ ሲሊንደሩን ሞቅ ያለ ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ አቁሞ ጋዙን ለቀቀና ማሽኑን አስነሳ። እናቴ በራችን ላይ ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። መጀመሪያ ቱቦው እንደ ማንኛውም ብረት ነበር፤ ቀስ በቀስ ላብ አወጣ፣ ላቡም ጠብ ጠብ አለ። አባቴ መዳፌን ወስዶ ቱቦው ላይ አሳረፈው። የሱ እጅ ከቱቦው ይልቅ ይቀዘቅዝ ነበር።

እሁድ እንግዶቹ መጡ፣ ቅዝቃዜው ተደነቀ፤ ምግቡ ሳይጋመስ ግን አንዷ እንግዳ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበች፣ አንዱ አስነጠሰ፣ ጓድ ተሾመም አባቴን ጠርቶ «አጥፋው» አለው። ያ ማሽን ቦሌ ላይ የሠራው ረጅሙ ሥራ ያ ነበር። አባቴ እናቴን ልክ ነበርሽ ብሏት አያውቅም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠንካራውን ባቄላ ያለ አንድ ቃል ይቆረጥም ነበር።

የሰሚቷ ጎረቤቴ ቴክኒሻኑ ሲሠራ በረንዳዋ ላይ ሆና፣ ከሆነ ቦታ ያነበበችውን ይዛ «ሠላሳ መድረስ አለበት አይደል እንዴ?» ብላ ስትጮህ፣ ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «እትዬ፣ አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ከዚህ በላይ አይወርድም» አላት፤ እሷም «እሺ» ብላ ገባች። መስኮቴን ሳልዘጋ ቆየሁ። አባቴ ያን መልስ በልቡ ለማመን አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶበታል፤ ለጓድ ተሾመ ግን ማሽኑ እየሠራ እንኳ፣ ሠላሳ እዚህ አገር አይደረስም ብሎ አልነገረውም።