የቲ-ሴል ፍሬን ፍለጋ፦ ከሐይቅ እስከ አምባሰል

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው። የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሆን፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናቸውን ከጨረሱ ሰዎች ደም እየወሰድኩ ቲ-ሴል የሚባሉትን የሰውነት ወታደሮች አጠናለሁ። ወታደሮቹ ላያቸው ላይ ፍሬን አላቸው፤ አንዱ ፒዲ-ዋን ይባላል። ባክቴሪያ ሲያሳድዱ የራሳችንን ሳንባ እንዳያፈርሱ ይይዛቸዋል። የወታደሩ ፍሬን ሲላላ ባክቴሪያው ቶሎ ይሸነፋል ብሎ ሰው ይጠብቃል። በቲቢ ግን ይህ ፍሬን ጨርሶ የሌላቸው አይጦች ካላቸው ቀድመው ይሞታሉ። በሰውስ? ለመጓዝ ያነሳሳኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ረቡዕ፣ ሐይቅ

ደሴ አድሬ ጠዋት ሐይቅ ከተማ ገባሁ። ጤና ጣቢያው ውስጥ የቲቢ ክፍሉን የምትመራው ሲስተር ከድጃ የሰዎቹን ዝርዝር ይዛ ጠበቀችኝ። እስከ ቀትር ድረስ ከሰባት ሰዎች ደም ወሰድን። ስምንተኛዋ ሐያት የምትባል ከሳዑዲ የተመለሰች ወጣት ነበረች፤ አልመጣችም።

ሲስተር ከድጃ ደወለችላት። ስልኩን ስትዘጋ፣ «አባቷ ታመው ነው፤ ጥላቸው መውጣት አልቻለችም። ውጫሌ ድረስ ኑ ብላለች» አለችኝ።

ሐይቁ ዳር ካለች ቤት የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በዳጣ በልተን ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱ የጤፍና የማሽላ ማሳ እየከፈለ ውጫሌ ወዳለችበት ወደ አምባሰል ይወጣል። የያዝኩትን ሣጥን ያየ አንድ ተሳፋሪ በረዶ መስሎት «ጠብታ እንዳያርሰን» አለኝ። በረዶ እንደሌለው፣ ቲ-ሴሎች ብርድ እንደማይወዱ ስነግረው ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዘልኝ።

ውጫሌ

ሐያት መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችን። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ ቲቢ እንደነበረብኝ አያውቅም። ሳዑዲ በራጅ አይተው ነው የመለሱኝ፤ እኔ ግን ኮንትራቴ አለቀ ነው ያልኩት። መድኃኒቱንም ሐይቅ እየሄድኩ የወሰድኩት ለዚሁ ነው። ለጥናት ብቻ በሉልኝ» አለች።

እሺ አልናት።

አባቷ ጋሽ ሰይድ በወጣትነታቸው አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር። ፍራሽ ላይ አረፍ ብለው አንድ እግራቸውን በትራስ ከፍ አድርገዋል። የውስጥ እግራቸው ላይ ወጥቶ የነበረ ካንሰር ተቆርጦላቸው፣ ተመልሶ ሳንባቸው ድረስ መሄዱን ነገሩኝ። እያወሩ መሐል መሐል ላይ ይስላሉ።

«አብሽር፣ የካንሰሩ ሳል ነው» አሉኝ ሳያቸው። «ዱባይ ያለው ልጄ ሐኪም አግኝቶልኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻአላህ እበራለሁ። የሚሰጡኝ መርፌ የሰውነት ወታደሮችን ፍሬን ይፈታል አሉኝ።»

ሐኪሙ የላከላቸውን ወረቀት ተቀብዬ አነበብኩት። ፍሬኑ ፒዲ-ዋን ነው። መርፌው ብዙ የካንሰር ሕሙማንን ረድቷል፤ ነገር ግን በአንዳንዶቹ ተኝቶ የኖረ ቲቢ እንደቀሰቀሰም አውቃለሁ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ድሮ ሳንባዎን ታመው ያውቃሉ?»

ወደ ሐያት አዩና «በጭራሽ» አሉ።

ሲስተር ከድጃ ደም ልትወስድላት ሐያትን ይዛት ወደ ጓዳ ገባች። ሽማግሌው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ሳላገባ ታምሜ ነበር፤ ደሴ ተኝቼ ታከምኩ። መኪናው ቆሞ ስለሚጠብቀኝ መድኃኒቱን ሳልጨርስ ወጣሁ። የሐያት እናት እንኳ ሳታውቅ ነው ያለፈችው።»

«ይህን ለሐኪሙ ነግረዋል?»

«በስልክ ስንነጋገር የምትተረጉምልኝ ሐያት ናት። በእሷ ፊት እንዴት ብዬ? ብርጭቆ ትለይብኛለች።»

«አትለይም።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

ያወቅሁት በሐያት ምስጢር ነበር። ከግድግዳው ወዲያ እሷ የምትደብቀውን፣ ከወዲህ እሳቸው የሚደብቁትን ይዤ መሐል ላይ ተቀመጥኩ። አንዱንም የማውጣት መብት የለኝም። የምችለውን ብቻ ነገርኳቸው፦ ሐኪም አለመሆኔን፣ ሳሉ ሳይመረመርና ሐኪማቸው ሳያውቅ ግን መርፌው አደጋ ሊያመጣ እንደሚችል።

«ባክቴሪያው ጠላት አይደለም እንዴ? ወታደሩ ቢለቀቅበት ምን ክፋት አለው?» አሉ።

«ፍሬን የሌለው ወታደር ሳንባውን ራሱን ያፈርሰዋል፤ ባክቴሪያውም በፈረሰው ውስጥ ይራባል።»

«እንግዲህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን መፍታት ነው የምትለኝ» አሉ።

ሐያት ክንዷ ላይ ጥጥ ይዛ ወጣች። ጋሽ ሰይድ እንድትቀመጥ ነግረዋት፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ የደሴውን ሁሉ አወሩላት። ሐያት ጥጡን እንደያዘች፣ «አባ፣ እኔም» አለች። ከዚያ ወዲያ ያወሩትን አልሰማሁም። ሲስተር ከድጃ እጄን ይዛ ወደ ግቢው አወጣችኝ።

ሐሙስ፣ መልስ

ደሙን ረቡዕ ምሽት ደሴ አድርሼ ሴሎቹን ለየሁ። በማግሥቱ ጋሽ ሰይድ የአክታ ምርመራ አደረጉ። ሐያት ደውላ ውጤቱን ስትነግረኝ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ፤ ቲቢ ተገኝቶባቸዋል። በረራውን አዘገዩት፤ ለሐኪማቸውም ነገሩት። መጀመሪያ የቲቢው መድኃኒት እንዲጀመር ተወሰነ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ የመጠይቅ ወረቀቴን አወጣሁ። ለዓመታት «ከዚህ በፊት ታመው ያውቃሉ?» እያልኩ ቤተሰብ በተቀመጠበት ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ስንቱ «በጭራሽ» ሲለኝ እውነት ብዬ እንደመዘገብኩ አላውቅም። አሁን ብቻቸውን ነው የምጠይቃቸው። ስለ ቲ-ሴል ያለኝ ጥያቄ ገና አልተፈታም፤ የሐያትን ሴሎች ገና እያየሁ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ደወሉ። ሳሉ ቀንሷል፣ የካንሰሩን መርፌም ሐኪማቸው በጥንቃቄ ሊጀምርላቸው ነው። ካንሰሩ እንዴት እንደሚሆን እሳቸውም እኔም አናውቅም።

«ክኒኑን በየጠዋቱ የምትሰጠኝ ሐያት ናት» አሉኝ። «ጎረቤት ተቀምጦም ቢሆን እውጠዋለሁ። ምንድን ነው ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ። ትናንት አንዱ ጎረቤቴ ሁሉም እስኪወጡ ጠብቆ፣ ‹የት ነው የሚመረመረው?› አለኝ።»